ጅቡ ሳይሄድ እንጩህ፦ ያልወጣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአንዲት ላፕቶፓችን ላይ ስለመጫን

ነገሩን ከራሳችን ገመና እንጀምር። ሰው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት የራስን ጉድ ማውጣት ይቀድማል።

ከመካከላችን አንዱ (ስሙን አንጠራም፤ ይህን ሲያነብ ግን ራሱን ያውቃል) አንድ ቅዳሜ ማታ ገና በቤታ ደረጃ ላይ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አወረደና ባለችው አንዲት ላፕቶፕ ላይ ጫነው። ለምን? "አዲሱን ልየው ብዬ ነው" ከማለት በስተቀር ያኔም መልስ አልነበረውም፤ ዛሬም የለውም። መጫኑ መሃል ላይ ቆመ። ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። እሑድ ጠዋት በድንጋጤ ሌላ ሊጭንበት ሲሞክር፣ "የትኛው የዲስክ ክፍል ላይ ልጫን?" ለሚለው ጥያቄ የተሳሳተውን መልስ ሰጠ። ሃርድ ዲስኩ ተጠረገ።

የተጠረገው ፊልምና ዘፈን ቢሆን ኖሮ ስቀን ባለፍነው። የጠፋው ግን ለአንድ ጽሑፍ ብለን ከጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኞች ጋር ያደረግነው የ11 ሰዓት የድምፅ ቅጂ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ አለመያዛችን የሁላችንም ጥፋት ነው፤ እሱን አንክድም። ሌሎቹን አባቶች ደግመን ደጅ ጠንተን፣ ይቅርታ ጠይቀን ቀረጽናቸው። አንዱ ግን በመሃል አረፉ። የእሳቸውን ድምፅ ከየት እናመጣዋለን?

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ እሑድ ነው። የምንከራከረው ከሁለት ወገኖች ጋር ነው። አንደኛው ወገን ገና ያልወጣን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራውና ሕይወቱ ባለበት ማሽን ላይ ጭኖ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የሚለጥፈው ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቤታ የሚባል ነገር አልነካም ብሎ ይቀመጥና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከወጣ በኋላ "ፊደላችን ሣጥን ሆኖ ይታያል፣ ኪቦርዱ አይሠራም፣ ንቀውናል" እያለ የሚያማርረው ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለቱም ስህተት መድኃኒት አንድ ነው፤ ዋጋውም ከሞላ ጎደል ነጻ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ይባላል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ቤታ ማለት ምንድን ነው? ሠሪዎቹ ራሳቸው "አልጨረስንም፣ ስህተት አለበት፣ ፈልጉልን" ብለው የሚያወጡት ሥራ ነው። ገና ምድጃ ላይ ያለ ወጥ ነው፤ ጨው ቅመሱልን ተብሎ በጭልፋ ጫፍ የሚሰጥ። እኛ ግን ቅምሻውን ትተን ድስቱን አውርደን ለእንግዳ እናቀርባለን። ከዚያ እንግዳው ሲታመም ባለሙያዋን እንወቅሳለን።

"ቢበዛ ፋይል ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ ቅጂ አለኝ" የሚል ጎበዝ አይጠፋም። እስቲ አንድ ታሪክ እናስታውሰው (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልን)። በ2008 መስከረም ላይ የሊኑክስ ከርነል 2.6.27 ገና በሙከራ ደረጃ ላይ ነበር። ኡቡንቱ 8.10፣ ኦፕንሱሴ 11.1 እና ሌሎችም ይህንኑ ከርነል ይዘው በአልፋና በቤታ ይሞከሩ ነበር። ታዲያ ሞካሪዎቹ አንድ ያልተለመደ ነገር ማስተዋል ጀመሩ። ኢ1000ኢ በሚባለው ድራይቨር የሚሠሩ የኢንቴል የኔትወርክ ካርዶች እየሞቱ ነው። ሶፍትዌሩን አጥፍቶ አሮጌውን መመለስ አልጠቀመም፤ ካርዱ ውስጥ ያለው ቋሚ ማኅደር ራሱ ተበላሽቷልና። ኋላ ሲጣራ ጥፋቱ የድራይቨሩ እንኳ አልነበረም። ከርነሉን ለመከታተል የተጨመረ ሌላ ክፍል ማይገባው የማኅደር አድራሻ ላይ ይጽፍ ኖሮ ነው። ስህተቱ ተደርሶበት የመጨረሻው ኡቡንቱ 8.10 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከመውጣቱ በፊት በሩ ተዘጋ። የሞተው ካርድ የሞካሪው ዕዳ ሆኖ ቀረ።

"ያ ቤታ ስለሆነ ነው፤ የወጣውን ብጭን ደህና ነኝ" የሚል ካለ ደግሞ 2017ን ይመልከት። ኡቡንቱ 17.10 ጥቅምት ላይ ተሞክሮ፣ አልቆ፣ ተመርቆ ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ግን ከማውረጃው ገጽ ተነሳ። ምክንያቱ? በተለይ አንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ ባዮሱን አበላሸ፤ የባዮስ ለውጥ አይቀመጥም፣ አንዳንዱ ከፍላሽ መነሳት እንቢ አለ። ተስተካክሎ የተመለሰው ጥር 2018 ላይ ነው። ተሞክሮ የወጣው እንዲህ ካደረገ፣ ገና ያልወጣው በስንት እጥፍ ይፈራ?

በውጭ አገር ያለው ሞካሪ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማሽን ሊኖረው ይችላል። ካርዱ ቢሞት በማግስቱ ይገዛል። የኛ ልጅ ላፕቶፕ ግን የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የቤተሰቡ ፎቶ፣ የማታ የትርፍ ሥራው፣ ምናልባትም የእህቱ የኦንላይን ትምህርት በአንድነት የተከመረባት ናት። በዶላር ምንዛሬ ዋጋዋ በየጊዜው የሚሰቀል፣ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ እጅ የተገዛች። በሷ ላይ ቤታ መጫን ጀግንነት አይደለም። አባቶቻችን ለዚህ ቃል አላቸው፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር

ቨርቹዋል ማሽን በሶፍትዌር የተሠራ፣ እውነተኛው ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ የሚመስለው ዲስክ አለው፤ እሱ ግን በእናንተ ዲስክ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው። የራሱ የሚመስለው የኔትወርክ ካርድ አለው፤ እሱም በሶፍትዌር የተሠራ ነው። ውስጡ የተጫነው ቤታ "ዲስኩን ፎርማት አደረግኩት" ብሎ ቢያብድ ያበደው በዚያ ፋይል ላይ ነው። ካርዱን ቢገድል የሞተው የወረቀት ካርድ ነው። የ2008ቱን ከርነል በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሲሞክር የነበረ ሰው እውነተኛ ካርዱ አልተነካም።

ይህ ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም። አይቢኤም በ1960ዎቹ ውስጥ አንዱን ግዙፍ ማሽን ለብዙ ተጠቃሚ እንደ ብዙ ማሽን አድርጎ የሚያሳይ ሲፒ-67 የሚባል ሥርዓት ነበረው። የራሱ መሐንዲሶች ሲስተም/370 የተባለው አዲስ ማሽን በብረት ደረጃ ሳይደርሳቸው ሲፒ-67 ላይ አስመስለው ለሱ የሚሆነውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሞከር ጀመሩ። ማለትም ያልተጠናቀቀን ኦፕሬቲንግ ሲስተም በቨርቹዋል ማሽን መሞከር ይህ ነገር ከተወለደ ጀምሮ አብሮት ያለ ሥራ ነው። ለተራው ሰው የደረሰው ቪኤምዌር በ1999 የመጀመሪያውን ምርቱን ሲያወጣ ነው። ኢንቴል ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ፣ ኤኤምዲ ደግሞ በተከታዩ ዓመት ለዚሁ የሚረዳ ችሎታ ፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ጨመሩ። በ2007 ቨርቹዋልቦክስ በነጻ ወጣ፣ ኬቪኤም የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገባ። ስለዚህ "መሣሪያ የለንም" የሚለው ሰበብ ካበቃ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ከሁሉ የምንወደው ደግሞ ስናፕሾት የሚሉትን ነው። ማሽኑ ደህና ሳለ እንዳለ ታስቀምጡታላችሁ። ከዚያ እንደፈለጋችሁ ታበላሹታላችሁ። ሲበቃችሁ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ ወደ ነበረበት ትመልሱታላችሁ። ስህተት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ጉልበት ነው፤ ያንኑ ስህተት አሥር ጊዜ ከአንድ መነሻ ማስነሳት ይችላልና። "አንዴ ሆኖብኝ ነበር" የሚል ሪፖርት ማንም አይሰማውም። "ይህን፣ ይህንና ይህን ሳደርግ አሥር ጊዜ አሥሩንም ሆነብኝ" የሚል ሪፖርት ግን ይሰማል።

ማስጠንቀቂያ ሳንናገር አናልፍም። ስናፕሾት ቅጂ ማለት አይደለም፤ ዋናው ዲስክ ከሞተ ስናፕሾቱም አብሮ ይቀበራል። የዶክመንት ፎልደራችሁን ለቨርቹዋል ማሽኑ አካፍላችሁ የመጻፍ ፈቃድ ከሰጣችሁት ግድግዳውን ራሳችሁ በሳችሁት። ግድግዳው ራሱም ፍጹም አይደለም፤ በ2015 ግንቦት ላይ ቬኖም የተባለው ቀዳዳ የተገኘው ማንም በማይጠቀምበት በቨርቹዋል ፍሎፒ ዲስክ ኮድ ውስጥ ነበር። እንዲህም ሆኖ በቀጭን ግድግዳ መጋረድና ያለ ግድግዳ መተኛት አንድ አይደለም።

ባዶ ቤት ሌባ አይገባም

አሁን ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን የሚጠቀሙትንም እንውቀሳቸው። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህን ነው፦ አዲስ ባዶ ማሽን ይከፍታሉ፣ ቤታውን ይጭናሉ፣ የግድግዳውን ስዕል ያያሉ፣ "አሪፍ ነው" ብለው ይዘጋሉ። ይህ ሙከራ አይደለም፤ ጉብኝት ነው።

የዊንዶውስ 10 የጥቅምት 2018 ዝማኔ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። ማይክሮሶፍት በ2014 ሐምሌ እስከ 18 ሺህ የሥራ ቦታ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ከሚሰናበቱት ውስጥ ሶፍትዌር የሚፈትሹ ባለሙያዎችም ነበሩበት። በዚያው ዓመት መከር ላይ ደግሞ የዊንዶውስ ኢንሳይደር ፕሮግራምን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ያልወጣ ዊንዶውስ እየጫኑ አስተያየት ሲልኩለት ኖሩ። እንግዲህ ጥቅምት 2 ቀን 2018 1809 የሚባለው ዝማኔ ወጣ። በቀናት ውስጥ ሰዎች "የዶክመንት ፎልደሬ ውስጥ የነበረው ሁሉ የለም" ብለው መጮኽ ጀመሩ። ማይክሮሶፍት ሥርጭቱን አቆመ፤ መልሶ ያወጣው ኅዳር 13 ነው።

ምን ሆኖ ነበር? ዶክመንት ፎልደራቸውን ወደ ሌላ ድራይቭ ያዛወሩ ሰዎች አሉ። ከማዛወራቸው በፊት በነበረው ቦታ ላይ አሮጌው ፎልደር ይቀራል። ዝማኔው ይህን የተረሳ ፎልደር ባዶ ነው ብሎ ያጸዳዋል። ችግሩ ባዶ ያልሆነበት ሰው መኖሩ ነው።

አስቡት እንግዲህ። በባዶ ቨርቹዋል ማሽን ላይ አዲስ የጫነ ሞካሪ ሺህ ጊዜ ቢጭን ይህን ስህተት አያየውም፤ የተዛወረም ሆነ የተረሳ ፎልደር የለውምና። ባዶ ቤት ሌባ አይገባም። ስህተቱን የሚያየው አሮጌውን ዊንዶውስ መጀመሪያ ጭኖ፣ እንደ ሰው ኖሮበት፣ ፋይል ዘርቶበት፣ ፎልደር አዛውሮበት፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ያሻሻለ ሰው ነው። ይህንን ሁሉ በቨርቹዋል ማሽን ማድረግ ይቻላል። የሚጠይቀው ትንሽ ትዕግሥትና "ሰው ኮምፒውተሩን እንዴት ያቆሽሸዋል?" ብሎ ማሰብን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ይብሳል። ስህተቱን ያዩ ኢንሳይደሮች ነበሩ! ዝማኔው ከመውጣቱ ከወራት በፊት ጽፈዋል። ነገር ግን የአስተያየት መቀበያው ብዙ ሰው የደገፈውን ወደ ላይ ያወጣል፤ የነሱ ጽሑፍ ጥቂት ድምፅ ብቻ ስላገኘ ከሥር ተቀብሮ ቀረ። ማይክሮሶፍት ከዚያ በኋላ አስተያየት ሰጪው የጉዳቱን ክብደት የሚገልጽበት ቦታ ጨመረ። ፋይል መጥፋትን የሚያህል ጉዳይ በድምፅ ብዛት ማነስ ከተቀበረ፣ "የአማርኛው ኪቦርድ ነጠላ ሰረዝ አይጽፍም" የሚል የአንድ ብቸኛ ሰው አስተያየት ምን ዕድል አለው ብላችሁ ታስባላችሁ?

የኛ ነገር ብረት አይፈልግም

እዚህ ላይ የክርክራችን ልብ አለ። ቨርቹዋል ማሽንን የሚቃወሙ ሰዎች አንድ እውነት ይዘዋል። የዋይፋይ ካርዳችሁን፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ክዳኑን ስትዘጉ ተኝቶ ሲከፈት መንቃቱን፣ የግራፊክስ ካርዱን ድራይቨር በቨርቹዋል ማሽን መፈተሽ አይቻልም። የ2017ቱን የባዮስ ችግርም ቨርቹዋል ማሽን አያገኘውም ነበር። እውነት ነው፤ እንቀበላለን።

ግን እስቲ እናንተ ንገሩን። የኛ ብሶት ምን ላይ ነው? ፊደል ላይ ነው፣ ኪቦርድ ላይ ነው፣ ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው፣ ትርጉም ላይ ነው። ከነዚህ አንዱም ብረት አይደለም። ሁሉም ሶፍትዌር ናቸው። ሁሉም ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንደ እውነተኛው ማሽን ይታያሉ። ኢንቴልና ሌኖቮ የየራሳቸውን ብረት የሚፈትሽ መሐንዲስ አላቸው። ግዕዝ ፊደል ግን የሚፈትሽለት ከኛ ሌላ ማን አለው?

ወደኋላ መለስ ብለን እናስታውስ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፤ አንዱ ቢሮ የጻፈውን ሌላው ቢሮ ሲከፍተው የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይወጣ ነበር። በዊንዶውስ ላይ ኒያላ የተባለው ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ አብረው የመጡት በቪስታ ነው። ዩኒኮድም ቢሆን አንዴ ገብቶ ያለቀ አልነበረም፤ ተጨማሪ የግዕዝ ሆሄያት በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ታክለዋል፤ የመጨረሻዎቹ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ናቸው። አዲስ የታከለ ሆሄ ፎንቱ ውስጥ ካልገባ የጉራጌው ልጅ ስሙን ሲጽፍ የሚያየው ሣጥን ነው። ይህን ሣጥን ማን ቀድሞ ማየት አለበት? ሬድመንድ ያለ መሐንዲስ ወይስ እኛ?

ምን እንፈትሽ ለሚል፣ እኛ የምንፈትሸውን እነሆ፦

1. መጫኛው ራሱ። አማርኛን ስትመርጡ ጽሑፉ ይነበባል ወይስ ሣጥን ነው?

2. የመግቢያው ገጽ። አማርኛ ኪቦርድ ዋና ሆኖ ሲቀመጥ በላቲን ፊደል የተፈጠረውን የይለፍ ቃል መጻፍ ይቻላል? ኪቦርዱን መቀየሪያውስ እዚያው ገጽ ላይ ይታያል? ካልታየ ሰውየው ከገዛ ማሽኑ ተቆልፎ ይቀራል።

3. የፋይል ስም። በግዕዝ የተሰየመ ፋይል ፍላሽ ላይ ተገልብጦ፣ በዚፕ ታሽጎ፣ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት ስሙ እንዳለ ይቆያል?

4. ፍለጋና ቅደም ተከተል። የስም ዝርዝር ሲደረደር ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ይሄዳል? "ኃይሉ" ብሎ የጻፈን ሰው "ሀይሉ" ብሎ የፈለገ ያገኘዋል?

5. ጳጉሜን። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ የሚያሳይ ፕሮግራም ያንን ቀን ያውቀዋል? የገዛ ኮምፒውተራችሁን ሰዓት ገፍታችሁ ይህን ለማየት ብትሞክሩ ግማሽ ሥራችሁ ይቃወሳል። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ግን ከዋናው ማሽን ጋር የሚያስተካክለውን አጥፍታችሁ ወደምትፈልጉት ቀን ትገፉታላችሁ፤ ሲበቃችሁ በስናፕሾት ትመልሱታላችሁ።

ስህተት ስታገኙ የት ትናገራላችሁ? ኡቡንቱ ላይ ከሆነ ላውንችፓድ፣ ፌዶራ ከሆነ የሬድ ሃት ባግዚላ፣ ዊንዶውስ ከሆነ ፊድባክ ሃብ። የወርና የቀን ስሞች ላይ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ መነሻው ሲኤልዲአር የሚባለው የዩኒኮድ የአካባቢ መረጃ ስብስብ ነው፤ እዚያ ከተስተካከለ ለብዙ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች በአንድ ጊዜ ይዳረሳል። ስትጽፉ የትኛው እትም እንደሆነ፣ ምን ምን እንዳደረጋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁና ምን እንዳያችሁ አስቀምጡ፤ የስክሪን ፎቶ አያይዙ። ከዚያ ሊንኩን ለጓደኞቻችሁ ላኩና እነሱም እንዲሞክሩትና እንዲደግፉት አድርጉ። ቁጥራችን ጥቂት ሆኖ የተበታተንን ከሆንን የለንም ማለት ነው።

ጊዜውንም እወቁ። ኡቡንቱ በየዓመቱ ሚያዝያና ጥቅምት ላይ ይወጣል፤ ቤታው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ቤታው ከወጣ በኋላ የጽሑፍና የመልክ ለውጥ በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል፤ ከባድ ስህተት ካልሆነ አይነካም። ስለዚህ የሚጮኸው በቤታው ጊዜና ከዚያም በፊት ነው። ከወጣ በኋላ መጮኽ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

"ግን እኮ…"

"ላፕቶፔ አቅም የላትም" ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ፤ አራት ጊጋባይት ራም ያላት ማሽን ሁለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስትሸከም ታቃስታለች። ስምንት ካላት ግን ግማሹን ሰጥቶ መሥራት ይቻላል። ደግሞ ብዙዎች "አልሠራም አለኝ" የሚሉት ባዮስ ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ፈቃዱ ስለተዘጋ ብቻ ነው፤ ገብታችሁ ክፈቱት። ዊንዶውስ 11 ለሚሞክር ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኑም ቲፒኤም 2.0 ይጠየቃል፤ ቨርቹዋልቦክስ ከ7.0 እትሙ ጀምሮ (2022) ይህን አስመስሎ ያቀርባል። አቅም ያለው ማሽን ከአምስት ጓደኛ አንዱ ጋ አይጠፋም። አብራችሁ ሞክሩ።

"ኢንተርኔቱስ?" እሱም እውነት ነው። አንድ የመጫኛ ፋይል አምስትና ስድስት ጊጋባይት ይመዝናል፤ ቤታ ደግሞ በየቀኑ ይለወጣል። ለኡቡንቱ የየዕለት እትሞች ዚሲንክ የሚባል መሣሪያ አለ፤ የትናንቱን ፋይል ይዞ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ያወርዳል። አንዱ ያውርድ፣ ሌላው በፍላሽ ይውሰድ። በእጅ የመጣ ፋይል ግን ዋናው ገጽ ላይ ካለው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ሳይመሳከር አይጫን። ከማናውቀው ሰው ፍላሽ የመጣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከማናውቀው ሰው ጠርሙስ እንደመጣ መድኃኒት ነው።

"ለባለጸጋ ኩባንያ በነጻ ለምን እንሠራለን?" ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው፤ አናቃልለውም። ፈታሾቹን አሰናብቶ ሥራቸውን ለተጠቃሚው የሰጠ ኩባንያ ሊወቀስ ይገባል፤ የ2018ቱም ውርደት የዚያ ውጤት ነው ብለን እናምናለን። ነገር ግን አማርኛው ተበላሽቶ ሲወጣ የሚጎዳው ማን ነው? ኩባንያው አይደለም። ማመልከቻ የሚጽፈው የቀበሌ ሠራተኛ ነው፣ ፈተና የሚያወጣው መምህር ነው፣ ልጇ ከጂዳ የላከላትን መልእክት ሣጥን ሆኖ የምታየው እናት ናት። ለኩባንያው መሥራት ያልፈለገ ሊኑክስ ላይ ይሥራ፤ እዚያ ያስተካከልነው የማንም ሳይሆን የሁሉም ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ብዙዎቹ አሮጌ ላፕቶፖቻችን ደግሞ የ11ን መመዘኛ አያሟሉም። ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ሊኑክስ ማዞሩ የማይቀር ከሆነ ከመሄዱ በፊት ቤቱን በቨርቹዋል ማሽን አይቶ፣ አማርኛው መሥራቱን አረጋግጦ ቢሄድ አይሻልም?

"እኛ ስልክ ነው የምንጠቀመው" የሚል ቢመጣ ደግሞ፣ የአንድሮይድ ስቱዲዮ ኢሙሌተር ያልወጣን አንድሮይድ ስልክ ሳይነካ ኮምፒውተር ላይ ያስኬዳል። ሐሳቡ ያው ነው።

እንግዲህ

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቤታ የምትጭኑ ወዳጆቻችን፦ ከላፕቶፓችሁ ላይ አውርዱትና ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገቡት፤ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ ስህተት ፈልጋችሁ ጻፉ። የምታማርሩ ወዳጆቻችን፦ ከሚቀጥለው እትም አንድ ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡን፤ አምስቱን ፍተሻ ብቻ አድርጉ። ያገኘነውን እኛም እንጽፋለን፤ የናንተን እንደግፋለን፣ የኛን ትደግፋላችሁ።

ያ ቅዳሜ ማታ ላፕቶፑን የጠረገው ጓደኛችን አሁን ሦስት ቨርቹዋል ማሽን አለው፤ አንዱን በየሳምንቱ ያፈርሰዋል፣ ማታውኑ ይመልሰዋል። የድምፅ ቅጂዎቹም አሁን ሦስት የተለያየ ቦታ ተቀምጠዋል። የእኚያ አባት ፎልደር ግን እስካሁን ስማቸው ተጽፎበት ባዶውን አለ። አላጠፋነውም።